ፊቷን ወደ መጽሐፉ

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ጓሮ ባለችው የሕፃናት ማቆያ ውስጥ መጽሐፍ የምትመርጠው አንዲት ሞግዚት ብቻ ነበረች። እናቶቹ ሁሉ «እትዬ» ይሏታል። ገና ላልዳኸ ሕፃን ጥቁርና ነጭ ትልልቅ ሥዕል፤ ጥርስ ለሚያበቅለው ቢያኝከው የማይበጣጠስ ወፍራም ካርቶን፤ ዓመት ላለፈው በየገጹ አንድ ነገር ብቻ፣ ድመት ከሆነ ድመት። ገጹ በሥዕል የታጨቀ ከሆነ «ይሄ የገበያ ቀን ነው እንጂ መጽሐፍ ነው?» ብላ ትመልሰዋለች። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ በመጀመሪያ ለብቻዋ ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ ለጆሮ ካልጣማት መደርደሪያው ላይ አይወጣም። በዚህ ሥራ የሚስተካከላት አልነበረም። ችግሩ፣ ይህን እሷም ታውቅ ነበር።

የማንበቢያ ደንብም ነበራት። ልጁን ጀርባውን ለደረቷ አስደግፋ ጭኗ ላይ ታስቀምጥና መጽሐፉን ከፊቱ ትዘረጋለች። ዓይን ወደ ሥዕሉ፣ ጆሮ ወደ እሷ።

ይህ ደንብ ለድንቡሼ አልሆነም። ድንቡሼ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው፤ አፏን አልፈታችም። እናቷ ፋብሪካው ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች፤ ጠዋት ጠዋት ልጇን ስታስረክብ ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

«እትዬ፣ እማ እንኳ አላለችኝም እኮ። አማቴ ‹አንቺ ስለማታጫውቻት ነው› ትለኛለች።»

«ለእኔ ተይው የኔ እናት። የሚሆናትን መጽሐፍ ላግኝላት እንጂ፣ ዝም በይ ብለሽ ትለምኛታለሽ።»

ቃል ገባች። መጀመሪያ የእንስሳት ድምፅ ያለበትን መረጠች። ቀጥሎ አንድ ሐረግ እየተመላለሰ የሚመጣበትን፣ ከዚያ የዳክዬዋን መጽሐፍ። አራት ወር፣ ስድስት መጽሐፍ። ድንቡሼ ግን ገና «አንድ ቀን» ሲባል ተጠማዛ የእትዬን ፊት ታያለች። እትዬ በሁለት ጣቷ አገጯን ይዛ «ወደዚህ የኔ ቆንጆ፣ ወደ መጽሐፉ» እያለች ትመልሳታለች። ወጥ ቤት ሠራተኛዋ በበሩ ስታልፍ «ይቺማ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች» ብላ ትስቃለች። ሰሞኑን ግን ድንቡሼ መጠማዘዙን እየተወች መጣች፤ እትዬም ደስ አላት።

አንድ ሰኞ እትዬን ጉንፋን ያዛትና ድምፅዋ ጭራሽ ተዘጋ። ልማድ ነውና ልጆቹን ፊት ለፊቷ ሰብስባ፣ ዳክዬዋን ይዛ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ጀመረች። ልጆቹ ግራ ገባቸው። አንዱ አለቀሰ፣ ሌላው ወደ ኳሱ ዳኸ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁሉም ተበተኑ። ድንቡሼ ብቻ ቀረች። ዓይኗን ከእትዬ አፍ ላይ አልነቀለችም፤ ለእሷ የጎደለ ነገር አልነበረም።

እትዬ ክው አለች። ቀስ ብላ ተነሳችና ከልጅቷ ጀርባ ሆና የቆርቆሮ ሳህን በማንኪያ መታች። ጥግ የተኛው ሕፃን በርግጎ ጮኸ። ድንቡሼ ዳክዬዋን እየዳበሰች ነበር።

ማታ እናትየው ልብሷ ላይ ክር እንደተጣበቀ መጣች። እትዬ ጎትታ አስቀመጠቻትና ጆሮዋ ሥር በሹክሹክታ ነገረቻት። እናትየው ብዙ አለቀሰች።

«ስለማላጫውታት አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም ልጄ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ነገ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።»

«አንቺስ አላስተዋልሽም? ስታነቢላት ታይሽ ነበር?»

እትዬ መዋሸት ትችል ነበር። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አፌን አፌን ታየኝ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ አገጯን እየያዝኩ የመለስኳት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ። እኔ ነኝ እንግዲህ።»

ድንቡሼ ዳክዬዋን ይዛ ድክ ድክ እያለች መጣችና ጀርባዋን ሰጥታ እትዬ ጭን ላይ ተቀመጠች። እትዬ ወደ ራሷ ልታዞራት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ጣቶቹ ሲመጡ አየች፤ ሳይነኳት በፊት አገጯን ዝቅ አድርጋ መጽሐፉን ማየት ጀመረች።