ታሂር ለክትባት ሳይደርስ

ቀመሪያ በወገዳ ከተማ ገበያ ላይ በርበሬና ጨው ትሸጣለች። ባሏ ከሪም ልብስ ሰፊ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ኢስራን የወለደች ጊዜ አገሩ በጦርነት ታውኮ፣ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሕፃኗን አዝላ ጤና ጣቢያ በሄደች ቁጥር «ክትባት አልገባም» እየተባለች ተመለሰች። መንገዱ ሲከፈት ኢስራ ድክ ድክ ማለት ጀምራ ነበር። ቀመሪያም ጊዜው ያለፈ መስሏት ተወችው።

አምና ታሂር ተወለደ። ኢስራ ከሕፃኑ ሥር አልጠፋ አለች። በዚያው ሰሞን ሰፈሩን ሳል አዳረሰው፤ እሷንም ያዛት። ሳሉ ሲነሳባት ፊቷ ደም ይመስላል፤ በመጨረሻም እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ እያሰማች አየር ትስባለች።

«ትክትክ ነው፤ ይለቃታል» አሉ ጎረቤቶቿ። እያደርም ለቀቃት።

ታሂርን ግን እንደ እህቱ አላሳለውም። ጡት እየጠባ ድንገት ትንፋሹ ይቆማል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል። ቀመሪያ ታቅፋው ጤና ጣቢያ ሮጠች። ነርሷ የትናየት «እሱንም ትክትኩ ይዞታል» ብላ ኦክስጅን ሰጥታው በቶሎ ሆስፒታል እንዲደርስ አምቡላንስ አስጠራች። ከሪምም ደርሶ አብሯቸው ተሳፈረ። መንገዱ አስቸጋሪ ነው፤ መኪናው እየተንገጫገጨ ሲወጣና ሲወርድ ቀመሪያ ዓይኗን ከልጇ ደረት ላይ አልነቀለችም።

«ከሪም፣ መኪናውን አስቁመው። ደረቱ አይንቀሳቀስም» አለች።

ከሪም እጁን የሕፃኑ አፍንጫ ላይ አድርጎ ቆየ። «ኢና ሊላሂ…» አለና ዓይኖቹን ከደነለት።

የትናየት ለቅሶ ስትደርስ ቀመሪያ እጇን ያዘቻት። «ለምን አላስከተብኩትም?»

«እሱማ ገና አልደረሰም ነበር እኮ። ስድስት ሳምንት ሲሞላው ነው የሚጀመረው። ያኔ ኢስራ ተከትባ ቢሆን ምናልባት…» የትናየት ቀና ስትል ኢስራን በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢስራ ሕፃን ባየች ቁጥር አፏን በሻሿ ትሸፍናለች። አንድ ቀን «እማ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?» ስትል ጠየቀች። ቀመሪያ ልጇን ጭምቅ አድርጋ አቀፈቻት። በማግስቱ ወስዳ የቀረባትን አስከተበቻት።

አሁን በሰፈሩ ሴት ስትወልድ ቀመሪያ ትሄዳለች። «ትልልቆቹስ ተከትበዋል?» ብላ ትጠይቃለች። ሕፃኑን እንድትታቀፍ ሲሰጧት ግን እጇ አይዘረጋም። ገበያ እንዳለባት ተናግራ ትወጣለች።