በአጥር ሥር የተበተነው ነጭ ዱቄት

እናቴ መተተኛ አልነበረችም፤ ይህ ይጻፍልኝ።

ዛሬ በምንኖርበት በኖርዌዩ ሆልምሊያ ሰፈር፣ ኖርዌጂያዊው ጎረቤታችን ከበረዶው በፊት ሣሩን አጭዶ፣ በአጥራችን ሥር ነጭ ዱቄት ሲበትን በመስኮት አየሁት። ወደ ቤታችን ገልመጥ አለና በእኛም በኩል በተነ። የእርጥቡ ሣር ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

ወሎ ሳለን፣ ውርጭ ሲቃረብ እናቴ በደጃችን ሣር ላይ የምድጃ አመድ ትበትን ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ላቀች ላሟ የነጠፈች ዕለት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "አንቺ መተተኛ፣ ላሜን አነጠፍሽብኝ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ከቤታችን እሳት የሚጭር ጠፋ። እናቴ የእጇን አመድ እያራገፈች፣ "ብትጠይቀኝ ለእሷም እበትንላት ነበር" አለች። ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ እኔም "መተት!" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የእናቴ ነገር ያዘኝና የልጅ ልጄን ሰብለን አስከትዬ ወጣሁ።

"ምን እየበተነብን ነው? ጠይቂልኝ።"

"ኧረ እማማ፣ ያሳፍራል!"

"ሳይጠይቁ መፍረድ ነው የሚያሳፍረው። ጠይቂው!"

ጠየቀችው። ሰውየው ሳቀ።

"ኖራ ነው ይላል፣ በእነሱ ቋንቋ 'ካልክ' የሚሉት። አፈሩ እንዳይኮመጥጥ ነው። የእናንተም ሣር ስላሳዘነኝ በተንኩላችሁ ይላል።"

ለካ የእናቴም አመድ ለሣሩ ኖሯል።