በዓሣ መረብ ያጠርሁት የዶሮ ግቢ

በሥራዬ የመጀመሪያ ቀን ራሴን አጥሬ ዘጋሁት። ቀልድ አይደለም። የባሕር ዛፉን ቋሚ ከውስጥ ሆኜ እየተከልሁ፣ ማገሩንም ከውስጥ እየመታሁ ዞርሁና የመጨረሻዋን ምስማር ስጨርስ የበር ቦታ አለመተዌን አየሁ።

ከውጭ ቆመው የሚያዩኝ ወይዘሮ የሺ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ዶሮዎቹ ገና አልመጡም፤ ምን አቻኮለህ?" አሉኝ።

"ቦታ እየያዝሁ ነው፣ እትዬ" አልሁና ማገሩን በመጋዝ ቆርጬ ወጣሁ። የቆረጥኋት ቀዳዳ በዚያው በር ሆነች።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሥፍራው ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙ የማይርቅ የቀበሌ ግቢ። ማዕረጌ ረዳት አናጢ ይባላል። ዋና አናጢ ስላልነበረ የምረዳው ራሴን ነበር፤ እሱም ሲታገዝ የማይሻሻል ሰው ነው።

የቀበሌው ሴቶች የዶሮ እርባታ ሲያቋቁሙ እያንዳንዷ ከዶሮዎቿ አዋጣች። ወይዘሮ የሺ ግን ያሏቸውን ሁሉ አስገቡ። እንቁላል ሽጠው የሚያድሩ ባልቴት ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። ዶሮዎቹ ካለቁ ጓዳቸው ባዶ ነው። ይህን ቀበሌው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

ሊቀመንበሩን የዶሮ ሽቦ ጠየቅሁ።

"ሽቦ ለግንባር ነው፣ ጓድ። በአካባቢህ ባለው ተጠቀም።"

"በአካባቢዬ ያለው ውሃ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"እንግዲያው ከውሃው አውጣ!"

አወጣሁ። ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን አሮጌ መረብ ለምኜ ተሸከምሁ። ሁለት እጥፍ አድርጌ በቋሚዎቹ ላይ ወጠርሁ፣ በቃጫ ገመድ ጠፈርሁት፣ የታችኛውን ጠርዝ በዶማ ቆፍሬ ቀበርሁና ድንጋይ ጫንሁበት። ለበሩ አሮጌ በርሜል ቀጥቅጬ ዘረጋሁ። ማጠፊያው የመኪና ጎማ ቁራጭ፣ መቀርቀሪያው የተቆለመመ ብረት። ሊቀመንበሩ መጥቶ መረቡን ሳብ ሳብ አደረገና፣ "በራስ መቻል ማለት ይህ ነው!" አለ። እኔም እንደ አውራ ዶሮ ደረቴን ነፋሁ።

ዶሮዎቹ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ ወይዘሮ የሺ ተጣሩ። ስደርስ መሬቱ ላባ በላባ ሆኗል፤ የቀሩት ዶሮዎች አንድ ጥግ ታጭቀው ይንቀጠቀጣሉ።

"ሸለምጥማጥ ነው" አሉ።

በሩ ነው አልሁ። ኋላ የተቀደደ በር፣ ያፈርሁበት በር፤ ጥፋት ሁሉ የእሱ መሰለኝ። ከሥሩ ያለውን ክፍተት በጎማ ደፈንሁ። እንደገና ተበሉ። ሁለተኛ መቀርቀሪያ ጨመርሁ። ተበሉ። እሾህ ከመርሁበት፤ በሩ እንደ ግምጃ ቤት ሆነ፣ እኔም ስገባ ስወጣ ሱሪዬን ቀደድሁ። ወይዘሮ የሺ በየማለዳው የተረፉትን አይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ። መቀለድ አቆምሁ፤ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ከባድ ሕመም ነው።

በመጨረሻው ማለዳ አንዲት ዶሮ ብቻ ተረፈች፤ በቋሚ ጫፍ ላይ ወጥታ ነበር። አጥሩን ስዞር ከጓሮ በኩል የጎረቤት ውሻ መረቡን ይልሳል። ከአጠገቡ ገመዱ ተበልቶ ሰው ክንዱን የሚያስገባበት ቀዳዳ ተከፍቷል። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት። ዓሣ! ሳላጥብ፣ በአመድ ሳላሽ፣ ፀሐይ ላይ ሳላሰጣ ነው የወጠርሁት። እኛ ሐይቁ ዳር ያደግን ሰዎች የዓሣ ሽታ አይሸተንም፤ ለእኛ አየር ነው። ለሸለምጥማጥ ግን የድግስ ጥሪ ነበር።

"እትዬ፣ በሩ አልነበረም። መረቡ ነው የጠራው።"

"እና ይህን ሁሉ ጊዜ በሩን ስትቀጠቅጥ የከረምኸው?"

"በሩን ነበር የጠረጠርሁት።"

አልሳቁም። ሊቀመንበሩ እርባታውን ዘጋው፤ ግቢውም የማገዶ ማከማቻ ሆነ። የተረፈችው ዶሮ ለወይዘሮ የሺ ተሰጠች። በልብሳቸው አቅፈዋት ሲወጡ፣ "ለቤቴ አንዲት የዶሮ ቤት በር ሥራልኝ" አሉ። በማግስቱ ዶሮዋ የጣለቻትን እንቁላል በሰፈር ልጅ ላኩልኝ፤ ቀብድ መሆኑ ነው።

"ነገ እመጣለሁ በላቸው" አልሁ። በነጋው ለሰፈራ ጣቢያ ቤት ግንባታ ተመደብሁና በመኪና ተጫንሁ።

ከወራት በኋላ ስመለስ በቤታቸው ሌላ ሰው አለ። ከሐይቁ ማዶ ደልጊ፣ እህታቸው ዘንድ ሄዱ አሉኝ።

"ዶሮዋንስ ይዘው ሄዱ?"

"እሷማ በዚያው ሰሞን ተበላች። በር የላት።"

አጥር የሚያጥር ሰው ሲጨርስ ወደ ውጭ ይውጣ፤ አውሬው በሚመጣበት በኩል ይቁምና ያሽትት። ሌላ የማውቀው የለም።

ለወይዘሮ የሺ አንዲት የዶሮ ቤት በር አለብኝ። ቀብዱን ቀቅዬ በልቼዋለሁ።