ታኮው ሳይነሳ

ትእዛዙ የደረሰን ሊነጋ ሲል ነው። ውሃና ጥይት ጭነን ኮረብታው ላይ ላለው ሻለቃ ማድረስ፤ ፀሐይ ሳትበረታ ባዶውን መኪና ይዘን መመለስ። ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። እኛ «መላጣው» እንለው ነበር፤ አናቱ ላይ አንድም ዛፍ አልነበረም።

እኔ የኡራል ጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። የመኪናው አዛዥ ሃምሳ አለቃ ነስሩ ይባላል፤ የአገና ልጅ ነው። እኔ የቡታጅራ ነኝ። ከአንድ ተራራ ወዲህና ወዲያ ብናድግም ጉራጌኛችን ስለማይገጥም የምንግባባው በአማርኛ ነበር። እሱ በእኔ አነጋገር ይስቃል፣ እኔ በእሱ። መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ግን ሳቅ የለም፤ ነስሩ ሌላ ሰው ይሆናል።

ሕጉ አጭር ነበር። መኪና ከቆመ መጀመሪያ ጎማው ሥር ታኮ ይገባል። ከዚያ አንድ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ የሚመጣውን ያስቆማል። ከመኪናው ፊትም ኋላም ማንም አይቀመጥም። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ «ታኮው ሳይነሳ ማንም አይሳፈርም» ይለናል። አዲስ የሚመጣ ወታደር ሁሉ በዚህ ነገር ሳይነጫነጭ አያልፍም። «ሃምሳ አለቃ፣ ለድንጋይ?» ይሉታል። ድንጋዩን በጣቱ ያሳያል፣ ያነሱታል።

ያን ዕለት ዳገቱ መሃል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ባዞረው ምንም የለም። ለካ የሬዲዮ ሠራተኞቹ ሬዲዮኑን ሲሞሉ ያደሩት ከእኛ ባትሪ ነው። የነገረን የለም። ልሳደብ አፌን ከፈትኩ፤ ነስሩ «በኋላ» አለኝ። የኋላ ጎማዎቹ ሥር ሦስት ትልልቅ ድንጋይ አስገባን። መንገዱ ሁለት መኪና የሚያሳልፈው በጭንቅ ነው፤ በአንድ ወገን አለት፣ በሌላው ገደል። ከላይ ባዶውን የሚወርድ የጭነት መኪና ደረሰልንና በኬብል ኃይል ሰጥቶን ወረደ። ሞተራችን ተነሳ።

ያኔ ከባድ መሣሪያ መውደቅ ጀመረ። የመጀመሪያው ከመንገዱ በታች አረፈ። ሁለተኛው ቀረበ። አይተውናል ማለት ነው።

«ንዳ!» አለ ነስሩ። ነዳሁ፤ ድንጋዮቹ መንገዱ ላይ ቀሩ። ሕጉን የጣሰው ያን ቀን ብቻ ነው፤ የጣሰውም እኛን ለማውጣት ነው።

ከፊታችን ባለው መታጠፊያ ላይ የነበሩ ወታደሮች እጃቸውን እያውለበለቡ ጮኹብን። «ዳር ያዙ! ቁስለኛ እየወረደ ነው!» አምቡላንስ ነው። መብራት አያበራም፤ ቁልቁል በሩጫ ነው የሚመጣው። ነስሩ ወደ ኋላ አየ። «ውሃው ይድረስ፤ አትቁም» አለኝና ዘሎ ወረደ። በመስታወት እያየሁት ሮጠ። አንዱን ድንጋይ ወደ ገደሉ ለቀቀው። ሁለተኛውን ደገመ። ሦስተኛውን አቅፎ ጠርዙ ጋ ሲደርስ መንገዱ ጭስ ሆነ።

አምቡላንሱ በጭሱ ውስጥ አልፎ ሄደ። ስንመለስ ነስሩ ጠርዙ ላይ ወድቋል። ድንጋዩ ከእሱ ወዲያ፣ ከመንገዱ ውጭ ነበር።

ከሠራዊቱ ስሰናበት መጀመሪያ የሄድኩት ቤቴ አይደለም፤ ወልቂጤ ነው። የነስሩ አባት ጋሽ ከድር መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮፍያቸውን አስተካክለው አቀፉኝና ብዙ ቆዩ። መርዶው ቀድሞ ደርሷቸዋል። «በጀግንነት ተሰዋ» ተብሏል፤ እንዴት የሚለውን የነገራቸው የለም። ወሬ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም። ነስሩ መትረየስ አንግቶ ብቻውን ምሽግ ሰብሮ ሞተ የሚል ታሪክ በአገና ገበያ ሲዞር ከርሟል።

«ነገ የአገር ሽማግሌ ቤቴ ይሰበሰባል» አሉኝ። «አንተ አብረኸው ነበርክ። በአፍህ ትነግራቸዋለህ። መትረየስ ላይ ነው አይደል ልጄ የወደቀው?»

«መንገድ ላይ እንነጋገራለን አባባ» አልኳቸው።

የመትረየሱ ወሬ ብቻ ነው ያቆማቸው። ያን ቀምቼ በምትኩ ድንጋይ ልሰጣቸው ነው? ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እስከ ጉብሬ አንድ ቃል አልወጣኝም።

ጉብሬን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ሹፌሩ መንገደኛ ሊጭን ቆመ፤ ሞተሩም አብሮ ቆመ። ቁልፉን አዞረ፤ ጭጭ። ከኋላዬ ያለች ሴት «መናኸሪያም በግፊ ነው እኮ የተነሳው» አለች። ሰውየው ባትሪው መሞቱን እያወቀ ነው ሰው ጭኖ ዳገት የወጣው! እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ባትሪ ይሞታል፤ ዕቃ ነው። አውቆ ሰው መጫን ግን ሌላ ነገር ነው።

ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። ከኋላም መንገዱ ላይ ድንጋይ ደረደረ፤ ቅጠል ቆርጦ ጨመረበት። በዚህ አልከሰውም፤ በአገራችን የቆመ መኪና ምልክቱ ይሄው ነው፤ ደግሞም ይሠራል። ተሳፋሪው ግን ወርዶ ሚኒባሱ ኋላ፣ አስፋልቱ ላይ፣ ጥላ ፍለጋ ተቀመጠ። ከበላያችንም ከበታችንም መታጠፊያ ነው። የሚመጣ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ፍሬን እስኪይዝ እነዚህን ሴቶች ከሚኒባሱ ጋር ያጣብቃቸዋል።

«ተነሱ! ከቦዩ ወዲያ!» አልኩ። ድምፄ የሠራዊት ድምፅ ሆኖ ወጣ መሰለኝ፣ ተነሱ። አንዷ ቀይ ሻርፕ ነበራት፤ ለአንድ ጎልማሳ ሰጥቼ ወደ ታችኛው መታጠፊያ ላክሁት፣ መኪና ሲመጣ እንዲያውለበልብ።

ሹፌሩ ሳቀ። «ወታደሩ፣ አታካብድ! ጦር ሜዳ መሰለህ እንዴ?»

አንድ ፒካፕ ከላይ መጥቶ ከጎናችን ቆመ፤ ኬብል ነበረው። የእኛ ሹፌር ሲጋራውን በከንፈሩ ይዞ ባትሪው ላይ አጎነበሰ። ከአፉ ነጠቅኩት። የባትሪ ጋዝ በእሳት ሲፈነዳ ፊቱን ያጣ መካኒክ አውቃለሁ፤ ሰውየው ግን «ሲጋራዬን!» ብሎ ሊጣላኝ ይነሳል። የፒካፑ ባለቤት አስተዋይ ነበር። ቀዩን ከፖዘቲቭ ወደ ፖዘቲቭ አሰረ፤ ጥቁሩን በራሱ ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ አስሮ ሌላውን ጫፍ ከእኛ ባትሪ ራቅ አድርጎ ሞተሩ ብረት ላይ ነከሰው። ሞተሩ ተነሳ። ሰው እልል አለ። ሻርፕ ይዞ የሄደው ሰውም እልልታውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

ሁሉም ተሳፈረ። ሹፌሩ ማርሽ አስገባ።

«ድንጋዩስ?» አልኩ።

«የቱ ድንጋይ?»

«የደረደራችሁት ነዋ!»

«ወንድሜ፣ ሰው ያነሳዋል።»

«ማን? ስሙን ንገረኝ! ማን ነው የሚያነሳው?»

«ኧረ ባክህ እንሂድበት፤ ዝናብ መጣ» አለ አንዱ ከኋላ። «እኛም ቤት አለን» አለች ሌላዋ፣ ሻርፗን ያበደረችኝ ሴት። ከደቂቃዎች በፊት ለራሳቸው ነፍስ ሲሉ ከአስፋልት የተነሱት እነሱው ናቸው። የእነሱ ነፍስ ተርፏል፤ የሚመጣው ሰው የማንም አይደለም። ሹፌሩ መንዳት ጀመረ። በሩን ከፈትኩት፤ ረዳቱ እጄን ያዘ።

ጋሽ ከድር ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። «ተው ልጄ። ለድንጋይ ሰው አታስቀይም።»

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ መስማት አልቻልኩም። እንደዚያ ልነግራቸው አልነበረም። ቤታቸው ገብተን፣ ተቀምጠን፣ በቀስታ ነበር ያሰብኩት።

«ነስሩ የሞተው በዚህ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «መትረየስ የለም አባባ! ምሽግ አልሰበረም! ጎማ ሥር የገባ ድንጋይ ሊያነሳ ተመልሶ ነው የሞተው። ከኋላ ቁስለኛ የጫነ መኪና ይመጣ ነበር። ከባድ መሣሪያ እየወረደ፣ ድንጋይ አቅፎ ነው የሞተው!»

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ጋሽ ከድር ፊቴን አዩኝ፤ ምን እንዳሰቡ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። አፈርኩ፣ ንዴቴ ግን አልበረደም።

«አውርደኝ» አሉ ሹፌሩን።

ወረዱ። ኮታቸውን ሰብስበው ቁልቁል ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። የመጀመሪያውን ድንጋይ በሁለት እጃቸው ይዘው ቦዩ ውስጥ ጣሉት። ላግዛቸው ስል በክርናቸው ገፉኝ፤ «ያንን አንሳ» አሉኝ ሌላውን እያሳዩ። ቅጠሉን ሳይቀር በእግራቸው ጠረጉት። ሻርፕ ያላት ሴት ወረደች፤ አንድ ሁለት ሰው ተከተላት። ረዳቱም መጣ። ሹፌሩ አልወረደም። መሪውን ይዞ ፊት ለፊት እያየ ቀረ፤ እስከ አገናም ሬዲዮኑን አልከፈተም።

የቀረውን መንገድ ጋሽ ከድር ስለ ነስሩ አንድ ነገር አልጠየቁኝም። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሽማግሌን ልብ ሰው ፊት ሰበርኩ ብዬ ራሴንም ሹፌሩንም እረግም ነበር።

በማግስቱ ግቢው በሰው ሞላ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ዘመዳቸው፣ ደህና ሱቅ ያለው ሰው፣ ሚኒባስ ውስጥ የሆነውን ሰምቶ ኖሮ ወደ እንሰቱ ጥግ ጎተተኝ። «መትረየሱን ተናገር። ድንጋይ ምናምን ብለህ የሞተን ልጅ አታሳንስ። ምን ይጎድልብሃል?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ጋሽ ከድር ጠሩኝና ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ እኔን ሳይጠብቁ ራሳቸው ተናገሩ።

«ልጄ ብዙ ሰው ገደለ ስትሉኝ ከርማችኋል። እኔም ደስ ብሎኝ ሰምቻለሁ፤ አላህ ይማረኝ። ልጄ የሞተው ከመንገድ ላይ ድንጋይ ሲያነሳ ነው። ቁስለኛ ይመጣ ነበር።»

ዘመድዬው ጉሮሮውን ጠረገ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ድንጋይ?» አለ።

«አዎ፣ ድንጋይ። ቁርአን ቤት ስልከው ምን ነበር ያስተማራችሁት? እሾህ ከመንገድ አንሳ፣ ከኢማን፣ ከእምነት ነው ብላችሁ አይደል? እኛ አስተማርን፤ እሱ ሠራበት። እኔ ግን ትናንት ‹ለድንጋይ ሰው አታስቀይም› አልኩ።» አጎንብሰው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ቀና ብለው «ንገራቸው» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ስጨርስ ከሽማግሌዎቹ መሃል የነበሩት ሼኽ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ ሁሉም ተከተለ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እጄን ግን ዘርግቼ ነበር።

ዛሬ ቡታጅራ ነው የምኖረው፤ ወደ ቡኢ እመላለሳለሁ። መኪናውን ያቆመበትን ድንጋይ መንገድ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሹፌር የማላይበት ሳምንት የለም። ባለፈው ክረምት ባልና ሚስት በሞተር ሳይክል ሲመጡ አንዱ ጥሎት ከሄደው ታኮ ጋር ተጋጩ። ዝናብ ነበር፤ አላዩትም። ለቅሶው ላይ «የፈጣሪ ሥራ ነው» ተባለ። ተነስቼ ወጣሁ። ፈጣሪ ድንጋይ ከጎማ ሥር አስገብቶ ረስቶ አይሄድም! ሠሪው ሹፌር ነው። የት እንዳለ አላውቅም፤ ዛሬም ሰው ጭኖ እየነዳ ይሆናል።

መላጣው ኮረብታ ላይ ያን ዕለት ከእኛ ወገን አራት ሰው ቀበርን። ሦስቱን ምሽግ ውስጥ አገኘናቸው፣ ነስሩን መንገድ ላይ። አምቡላንሱ ከጫናቸው ቁስለኞች አንዱ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ፤ ሌሎቹ ተረፉ። ይህን የማውቀው ስለቆጠርን ነው። በጦር ሜዳ ማታ ማታ የጎደለውን በስም ሳንጠራ አንተኛም ነበር። ከወልቂጤ እስከ አገና፣ ከቡኢ እስከ ቡታጅራ፣ ሹፌር ጥሎት በሄደ ድንጋይ የሞተውን ሰው ግን የቆጠረ እስካሁን አላጋጠመኝም።