ቅቤ ብቻ የጫንኩበት ኅዳር

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ምስር መልቀም ነበር። ዲላ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሰፌዱን መካከላችን አድርገን ተቀምጠን፣ እሱ ያገኛትን ጠጠር ሁሉ ወደ ባዶ ጣሳ ሲወረውራት ቀጭን ድምፅ ታሰማ ነበር። ቡናችን ቀልቶ አሪቻ ወዳለው ማሳችን ልንሄድ ጥቂት ቀን ስለቀረን የስንቁን ዝርዝር አነብለታለሁ። «ዘንድሮስ ቅቤ ብቻ እንዳትጭኚ፣ አደራ» አለኝና ሳቀ። ይህን ቀልድ በየዓመቱ ሲደግመው ሰልችቶት አያውቅም። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ያቺ የጠጠር ድምፅ ግን ዛሬም ትመጣብኛለች፤ ስትመጣም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ወደሆነው ነገር ይዛኝ ትሄዳለች።

አባቴ ዲላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። አሪቻ ላይ ከአባቱ የወረሰው ትንሽ የቡና ማሳ ነበረው፤ ቤት ስላልነበረበት በየኅዳሩ ላስቲክ ወጥረን፣ ሦስት ጉልቻ ጎልተን፣ ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅ አንድ ሳምንት እዚያው እንሰፍር ነበር። ስንቅ ማዘጋጀትና ማብሰል የእናቴ ሥራ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ክረምቱን በእርግዝና ከብዷት ከርማ፣ ጥቅምት ሲያልቅ ታናሽ እህቴን ወለደች። አልጋዋ ላይ እንዳለች ጠራችኝና «ዘንድሮ ስንቁ ያንቺ ነው» አለችኝ።

የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ብዙነሽ ይህን ስትሰማ በሳቅ ሞተች። «በዚች ልጅ እጅ? በሦስተኛው ቀን ተርበን ዲላ ባንገባ እኔ ብዙነሽ አይደለሁም!» አባቴ አልሳቀም። «እህል ካለቀማ መመለሳችን ነው፤ የቀላውም ቡና መሬት ላይ ይረግፋል» አለ። የዓመት ቀለባችን ያ ቡና ስለነበር ነገሩ ከበደኝ።

ደብተር ላይ ቀኖቹን አስምሬ፣ የየቀኑን ምግብ እየጻፍኩ እናቴን ስጨቀጭቃት ሰነበትኩ። ቋንጣ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ፣ ሽሮ፣ እንጀራ፣ አንድ ትልቅ ጣሳ ንጥር ቅቤ። ዘይት አልያዝኩም፤ ቅቤ እያለ ዘይት ምን ይሠራል ብዬ ነበር። ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን አባቴ፣ እትዬ ብዙነሽ፣ ታላቅ ወንድሜ ታደሰና እኔ ማሳው ደረስን። ሁለት ቀን እንደ ንጉሥ በላን። እትዬ ብዙነሽ እንኳ ሳታላግጥ ጎረሰች።

ኅዳር አሥራ አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ቅርጫቷን አውርዳ ወገቧን እየያዘች «በይ ሙያተኛዋ፣ ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። ለጾሙ ምን ይዘሻል?» አለችኝ።

ደብተሬን ገለጥኩ። ቀኖቹን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ ጾሙን ግን አልጻፍኩም። ያሉኝ ጥቂት ሽሮ፣ ሽንኩርትና የደረቀ እንጀራ ብቻ ነበሩ። ታደሰ «አለቀልን» ብሎ ጮኸ። አባቴ ፍሬ የቀላባቸውን ዛፎች አየና «ዛሬ ቅበላ ነው፣ ያለውን አውጪው። ነገ የሚበላ ከጠፋ ከነገ ወዲያ እንመለሳለን» አለኝ። ያን ቀን ቋንጣውና ጭኮው አለቀ፤ እኔ ግን የቀረውን የቅቤ ጣሳ ሳይ አመሸሁ።

ጠዋት ሲነጋጋ የቅቤውን ጣሳ አቅፌ ወደ ማሳው ጎረቤታችን ወደ እማማ ሎሚቱ ሄድኩ። እማማ ሎሚቱ ጌዴኦ ናቸው፣ ጴንጤ በመሆናቸውም ጾማችንን አይጾሙም፤ አንድ ቀን ቆጮ ያለ ቅቤ በባዶው ሲበሉ አይቻቸው ነበር።

«እማማ፣ ይህን ቅቤ በጎዳሬና በጎመን ይለውጡልኛል?»

ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም ነበርና «አንተ ልጅ! እግዚአብሔር ነው የላከህ» ብለው አቀፉኝ። ጎዳሬውን፣ ዱባውን፣ ጎመኑን፣ አንድ ትልቅ ቆጮ ሳይቀር አሸከሙኝ፤ እኔ ስላልቻልኩት ግማሹን እሳቸው ተሸክመው መጡ። ጎዳሬውንና ዱባውን ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ትኩስ አመድ ውስጥ እንዴት እንደምቀብረውም አሳዩኝ።

ጾም የሚፈታው በዘጠኝ ሰዓት ነበር። እስከዚያ እሳቱን ሳልለቅ ተቀመጥኩ። አባቴና ሌሎቹ ከለቀማ ሲመጡ ቅጠሉን ስፈታው እንፋሎቱ ፊታችንን ሞላው። ሁላችንም በላን። በመጨረሻ እትዬ ብዙነሽ ባዶውን ቅጠል ወደ እኔ ዘረጋች።

«እስቲ ድገሚኝ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ።

«ተርበሽ ዲላ ልትገቢ አልነበር እንዴ?» አለ ታደሰ።

«ዝም በል አንተ! ልጅቷ ታብስል፣ ተዋት።»

ቡናው እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ተለቀመ። ዲላ ስንደርስ እናቴ ምን ስንበላ እንደሰነበትን ጠየቀች፤ እትዬ ብዙነሽ ከሁላችን ቀድማ፣ ጎዳሬውን ራሷ ያበሰለች ይመስል፣ አንድ በአንድ ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ የማሳው ስንቅ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ የዝርዝሬም የመጀመሪያ መስመር ለጾሙ የሚሆን ምስር ሆነ።

ያኔ አንድ ጾም ረስቼ ሰማይ የተደፋብኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ምንም አልረሳም፤ የሚያላግጥብኝ ሰው ግን የለም። ማሳው አሁን የእኔ ነው። ዘንድሮም ላስቲኩን አስወጥሬያለሁ፤ ለእማማ ሎሚቱ ልጅ አንድ ጣሳ ቅቤ አድርሻለሁ፤ ስምንት ለቃሚዎች በዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ። አመዱ ሞቋል። እኔ ሰፌዱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ምስር እለቅማለሁ።