ጥፋቱ የጥይቱ ነበር

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ጥቅምት ውስጥ ነው። ዓመት አልፎትም ሳወራው ድምፄ ይቀየራል። ሰው ለምን ተሳሳተ ብዬ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። ስህተቱን በዓይኑ ካየ በኋላ እኔው ላይ ስለደፋው ነው።

ልደታ ማርያም አካባቢ ባለ አንድ የዕቃ መጋዘን በጥበቃ እሠራለሁ። ቤቴ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር ነው። ሥራዬን የሚያውቅ ሰው ሰፈሬን ሲሰማ ይስቃል። ከዚህ ሥራ በፊት ዘጠኝ ዓመት ወታደር ነበርኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት መሣሪያ ጥገና ክፍል ነው። ጠመንጃ ፈትቶ መግጠም ለእኔ ሽንኩርት እንደ መላጥ ነው።

የምንይዘው ጠመንጃ ግማሽ አውቶማቲክ የሚባለው ነው። አንዱ ጥይት ሲተኮስ ባዶ ቀለሁን ራሱ ይተፋል፣ ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል፤ ተኳሹ ምላጩን መሳብ ብቻ ነው ያለበት።

አዲስ ጥይት የመጣልን በዚያው ወር ነበር። የጥበቃ ኃላፊያችን አቶ ደረጀ ሳጥኑን እኛው ፊት ከፈተና የፋብሪካ እሽግ መሆኑን በኩራት ነገረን። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለታችንንም ከከተማ ወጣ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ወሰደን።

መጀመሪያ የተኮስኩት እኔ ነኝ። አንዱ ወጣ። ሁለተኛው ቀጭ ብሎ ቀረ። አፈሙዙን ከኢላማው ሳላነሳ ጠበቅኩ፤ የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ መቀርቀሪያውን ስቤ ጥይቱን አወጣሁና ቂጡን አየሁት። መምቻው መሃል ለመሃል፣ ጥልቅ አድርጎ ወግቶታል። ጠመንጃው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ሌላ ሁለት ደግሞ እንደዚያው ከሸፉብኝ።

ሦስቱንም በመዳፌ ይዤ ለአቶ ደረጀ አሳየሁት፤ ችግሩ ከጥይቱ ነው አልኩት። ፋብሪካ አይሳሳትም አለኝ። ጠመንጃዬን እንዳላጸዳሁት ተናገረ። ሁለት ቀላል ነገር እንሞክር ብዬ ለመንኩት። ከአሮጌው ጥይት ጥቂት በእኔ ጠመንጃ ይተኮስ፤ ከአዲሱ ደግሞ በሌላ ሰው ጠመንጃ ይሞከር። የሚከሽፈው ጠመንጃውን ተከትሎ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጥይቱን ተከትሎ ከሆነ ሳጥኑ ይመለስ። ይህን ለመለየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ “ለሴት ጠመንጃ ሲሰጥ ውጤቱ ይኸው ነው” አላቸው።

ማንም አልሳቀም። ተው ያለውም ግን የለም። ጠመንጃዬን ተቀብሎኝ ዳር ቁሚ አለኝ። እንባዬ እንዳይመጣ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ቀጣዩ ተኳሽ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ነገረኛ አይደሉም። ሁለት ተኮሱ፤ ደህና። ሦስተኛው ግን እንደ ሌሎቹ አልጮኸም። ፍስስ ብሎ የታፈነ ድምፅ አወጣ፤ ቀለሁም በራሱ አልወጣም። ጋሽ ሰይድ የተለመደ መጨናነቅ መስሏቸው መቀርቀሪያውን በእጃቸው ሳቡ። ባዶው ቀለህ ወደቀ፣ አዲስ ጥይት ጎረሰ፣ እንደገና አነጣጠሩ።

እኔ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ባሩዱ አቅም ሲያንሰው የጥይቱ እርሳስ ከአፈሙዝ ሳይወጣ መንገድ ላይ ይቀራል። ከኋላው ሌላ ከተተኮሰ ብረቱ ይፈነዳል። የሚፈነዳው ደግሞ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ያስደገፈው ሰው ፊት ላይ ነው።

“ጋሽ ሰይድ፣ እንዳይተኩሱ!” አልኩ።

አቶ ደረጀ ከኋላዬ፣ “ይቀጥሉ! እዚህ የማዘው እኔ ነኝ” አለ።

ጋሽ ሰይድ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። ጣታቸው ምላጩ ላይ ነበር። ሮጬ ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ። የማደርገውን ሲያዩ ጠመንጃውን ለቀቁልኝ።

ጥይቶቹን አወጣሁ፣ መቀርቀሪያውን ፈታሁና አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጌ ከኋላ በኩል ውስጡን አየሁ። ብርሃን የለም። መወልወያ ዘንጉን ከአፈሙዙ ብሰደው ግማሽ መንገድ ላይ ደንቀፍ ብሎ ቆመ። በድንጋይ ቀስ እያልኩ መታሁት። እርሳሱ በኋላ በኩል ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ሁሉም አዩት። አቶ ደረጀም አየው። ጋሽ ሰይድ መሬት ላይ ተቀመጡና፣ “አልሐምዱሊላህ” አሉ፤ ቀጥሎ ስለ ልጆቻቸው የሆነ ነገር አጉረመረሙ። አቶ ደረጀ ለዛሬ ይበቃል ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ጠርቶ ደብዳቤ ሰጠኝ። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይላል። ምክንያቱ፣ መሣሪያዬን በአግባቡ ባለመያዜና በልምምድ ላይ የኃላፊ ትእዛዝ በመጣሴ። ስለ ጋሽ ሰይድ ጠመንጃ አንድ ቃል የለም። ፈርሚ አለኝ።

“አቶ ደረጀ፣ እርሳሱን በዓይንህ አይተሃል” አልኩት።

“እኔ ያየሁት ትእዛዝ የማትሰማ ሠራተኛ ነው” አለኝ።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩና ከስሜ በላይ “ጥፋቱ የጥይቱ ነበር፤ ትእዛዙን የጣስኩት ሰው እንዳይሞት ነው” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፈረምኩ። የደብዳቤውን ሌላ ቅጂ አምጥቶ ምንም ሳትጽፊ ፈርሚ ቢለኝ እንቢ አልኩ። ጋሽ ሰይድ ሲሰሙ ሳይጠሩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብተው ያዩትን ተናገሩ። ጋሽ ሰይድ ነገረኛ አይደሉም ብያለሁ፤ ያን ቀን ግን ድምፃቸው ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር።

በሳምንቱ ያ የጥይት ሳጥን በጸጥታ ወጥቶ ወደ መጣበት ተመለሰ። ጠመንጃዬም ተሰጠኝ። ደብዳቤው ግን ዛሬም ፋይሌ ውስጥ ነው። ይነሣልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ አመልክቻለሁ። ጠመንጃሽን አግኝተሽ የለ፣ ሌላ ምን ቀረሽ ነው መልሱ። ስሜ ቀርቶኛል። ይህን እንዴት ላስረዳቸው?

ዘንድሮ አራት አዲስ ጥበቃዎች ተቀጠሩ። የመሣሪያ አያያዝ የሚያስተምራቸው ሰው ሲፈለግ አቶ ደረጀ ያለ ምንም ሀፍረት ወደ እኔ ላካቸው። በግቢው ውስጥ ሸራ አንጥፌ አስተምራቸዋለሁ። ተኩሱ ከወትሮው ደከም ብሎ ከተሰማችሁ፣ ማንም ይዘዛችሁ ማን፣ ሁለተኛ እንዳትተኩሱ እላቸዋለሁ። አቶ ደረጀ ሁልጊዜ የቢሮው በር ላይ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል፤ የማይሰማ ለመምሰል ሌላ ሌላውን ያያል።

“ማንም ይዘዛችሁ” የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።