ጉሮሮ የሚወርደው ጠብታ

ሙሉዬ ስትቆጣ የገነተ ማርያም መንደር ሁሉ ይሰማል። በፋሲካ ማግስት የባሏን የቄስ ደርበውን የዓይን ጠብታ ከመደቡ ራስጌ አንስታ ብትነቀንቀው ገና ግማሹ አለ። ከሁዳዴ በፊት ከላሊበላ ሲያመጡት በወር ያልቃል ተብለው ነበር።

ሐኪሙ ያኔ ነግሯቸዋል፤ የዓይን ግፊት ነው፣ ጠብታው የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፣ የቀረውን ግን ይጠብቃል፣ ጧትና ማታ ይደረግ። ቄሱም እሺ ብለው ተመለሱ። ጾሙ ሲጋመስ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እየዳሰሱ መግባት ጀመሩ። መልሳ ላሊበላ ወስዳ ብታሳያቸው የሐኪሙ ነርስ፣ «ሽማግሌ ይረሳል፣ አስታውሻቸው» ብላ መለሰቻቸው። ዳዊቱን በቃሉ የሚወጣ ሰው ሊረሳ!

«ምን ነካዎ፣ አባ?» አለች፣ ብልቃጡን አፍንጫቸው ሥር ደቅና።

«ምሬቱ ጉሮሮዬ ይወርዳል» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ገድፌ ልቀድስ?»

የሙሉዬ ደም ፈላ። ለንስሐ ልጆቻቸው «መድኃኒት ጾም አይሽርም፣ ዋጡ» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች። ከራስ በላይ ነፋስ ይላል ሰው፤ የእሷ ባል ግን ለሌላው ማር፣ ለራሱ ድንጋይ ነው።

«ለእነሱ የፈታ እግዚአብሔር ለእርስዎ ጊዜ ሞተ?»

በማግስቱ እየጎተተች ላሊበላ ወሰደቻቸው።

ነርሷ ነገሩን ስትሰማ ቀለል አድርጋ፣ «ጠብ እንዳለ ዓይንዎን ጨፍነው ጥጉን፣ በአፍንጫዎ በኩል፣ በጣትዎ ትንሽ ጫን ያድርጉት። ወደ ጉሮሮ አይወርድም» አለቻቸው።

«ይኸው ነው?» ጮኸች ሙሉዬ። «በአንድ ጣት? ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽንም?»

«አልጠየቃችሁማ፣ እናቴ።»

«አንቺስ መቼ ለምን ተዉት ብለሽ ጠየቅሽን? ይረሳል አልሽ እንጂ!»

ሐኪሙ መረመራቸውና ቀኙ ዓይን ጨርሶ እንደጠፋ፣ ግራው ግን ከተጠነቀቁ እንደሚተርፍ ነገራቸው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ቄሱ ወደ ቅዳሴ ከመውጣታቸው በፊት፣ ሙሉዬ ራሷ ጠብ አደረገችላቸው፤ ጥጉንም በጣቷ ያዘችው። ንዴቷ አልበረደም ነበርና ጠበቅ አደረገችው።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ያማል!»

«ይመም! ወረደ?»

ቄሱ ምራቃቸውን ዋጡ፤ ጠበቁ። «አልወረደም» አሉና ቀኝ ዓይናቸውን በእጃቸው ዳሰሱ።

ሙሉዬ ጣቷን አላነሳችም። በግራው ስትጨርስ ብልቃጡን ከደነችው፤ በቀኙ የሚጠበቅ ብርሃን አልቀረም።